ስለ አሮጌ ደብዳቤ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሰው በዚህ ዓለም ከሚያከማቸው ነገር ሁሉ ክብደቱ የማይታወቀው ደብዳቤ ነው። እህል ጐተራ ይፈልጋል፤ ልብስ ሣጥን ይፈልጋል፤ ከብትም በረት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የበዛ እንደ ሆነ ባለቤቱ ወዲያው ያውቀዋል። ደብዳቤ ግን፣ ይልቁንም ዛሬ በኮምፒዩተርና በስልክ የሚመጣው ኢሜይል የሚባለው ደብዳቤ፣ ዐሥር ሺሕ ቢሆንም ቤት አያጣብብም፤ አይሻግትም፤ አይጥም አይበላውም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው «ምን ቸገረኝ፣ ይቀመጥ» ይላል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምፈልገው የቦታን ነገር አይደለም። ሌላ ሰው የጻፈልንን ቃል ማስቀመጥ መቼ ታማኝነት ይሆናል? መቼስ ክፋት ይሆናል? ማጥፋትስ መቼ ክህደት፣ መቼ ምሕረት ይሆናል?

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ አንድ ወጣት ነው። የምኖረው በአዲስ ዘመን ከተማ፣ ከጣራ ገዳም ደን ግርጌ ነው። እዚህ መብራት አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል፤ የኢንተርኔቱም መስመር አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ስለዚህ መስመሩ ሲመጣ ደብዳቤዎቼን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተሬ አውርጄ፣ በኋላ በጸጥታ አነባቸዋለሁ። የማነብበትም ፕሮግራም ሥዕልና ቀለም የለውም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ያሳያል፤ የሚታዘዘውም በፊደል ቍልፍ ነው። ስሙ ማት ይባላል። በ1995 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ማይክል ኤልኪንስ የተባለ ሰው የጀመረው ሥራ ነው። ማት ማለት በእንግሊዝኛ ዘሩ የተደባለቀ ውሻ ማለት ነው፤ ስሙ እንግዲህ ትሕትና አለው። አንድ የጤና ባለሙያ የሆነ ወጣት ይህን ሰሌዳ ባየ ጊዜ በመጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንዱን መስመር ሳጠፋ አይቶ «ጋሼ፣ ሰው የጻፈልዎትን ማጥፋት ነውር አይሆንም?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳቁን ንቄ አለፍሁት፤ ጥያቄውን ግን ልንቀው አልቻልሁም።

በመጀመሪያ የዚህን ፕሮግራም አሠራር ጥቂት ላስረዳ፤ ጥያቄውን ለመመለስ ይረዳናልና። ደብዳቤዎቹ እንደ መዝገብ በተራ ተደርድረው ይታያሉ፤ እያንዳንዱ በአንድ መስመር፣ ከቍጥሩ፣ ከቀኑ፣ ከላኪው ስምና ከርእሱ ጋራ። አንዱን ለማጥፋት ዲ የሚባለውን ፊደል ስትነኩ ደብዳቤው ወዲያው አይጠፋም። የመጥፋት ምልክት በላዩ ይደረግበታል፤ እርሱ ግን በቦታው እንዳለ ይቈያል። ዐሳባችሁን የለወጣችሁ እንደ ሆነ ዩ የሚባለውን ፊደል ነክታችሁ ምልክቱን ታነሣላችሁ። በመጨረሻ መዝገቡን ልትዘጉ ስትሉ፣ ምልክት ያለባቸውን ደብዳቤዎች በእውነት ላስወግድ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። እሺ ስትሉት ብቻ ይጠፋሉ። እኔ ይህን እጅግ እወደዋለሁ። በማጥፋት ዐሳብና በማጥፋት ሥራ መካከል ጊዜ ይሰጣልና። ወረቀት ወደ እሳት የጣለ ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ የለውም።

እንደዚሁም በአንድ ትእዛዝ ብዙውን መጥረግ ይቻላል። ለምሳሌ ከአንድ ዓመት በፊት የተጻፉት ሁሉ ይጥፉ ማለት ትችላላችሁ። ይህ ግን ለእኔ የፍርድ ሥራ አይመስለኝም። ዕድሜ ጥፋት አይደለም፤ ዐሥር ዓመት የቈየ ደብዳቤ ነገሩ ገና ሕያው ሊሆን፣ ትናንት የመጣውም ዛሬ ሬሳ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ፓይን የሚባል፣ በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የቀድሞ ፕሮግራም ነበረ፤ እርሱ አዲስ ወር በገባ ቍጥር ወዳጁን ሰው ጠርቶ፣ ባለፈው ወር የላክኸውን ደብዳቤ ወደ ሌላ መዝገብ ላዛውረው ወይ፣ የቀድሞዎቹንስ ላጥፋቸው ወይ ይል ነበር። ልብ በሉ፤ የሚጠይቀው ሰውየው ራሱ ስለ ጻፈው ነው። ሰው ግን ስለ ሌሎች ቃል እንጂ ስለ ራሱ ቃል መከማቸት አያስብም።

(በነገራችን ላይ፣ በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. በጀመረ ጊዜ ከተጻፉት የአማርኛ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ዛሬ አይነበቡም። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነውና፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሠሪ በየራሱ መንገድ ያዘጋጀው ፊደል ዛሬ ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። ሰዎች በታማኝነት አስቀምጠዋቸዋል፤ ግን ማንም አያነባቸውም። ማስቀመጥ ብቻውን መጠበቅ እንዳልሆነ ይህ አንድ ምስክር ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። በዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከየመስመሩ መጀመሪያ ትንንሽ ምልክቶች አሉ። ኦ የሚል ምልክት ያለበት ደብዳቤ ቀደም ብሎ የመጣ፣ ባለቤቱም መዝገቡን ከፍቶ ያየው፣ ነገር ግን ያላነበበው ነው። አር የሚል ምልክት ያለበት መልስ የተሰጠበት ነው። መሣሪያው እንግዲህ የመጣውን፣ የተነበበውንና የተመለሰለትን ለይቶ ያውቃል። እኛ ግን ሦስቱን አንድ አድርገን «አለኝ፣ አስቀምጬዋለሁ» እንላለን። የአሮጌ ደብዳቤ ችግር ሁሉ በዚህች ቃል ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደብረ ታቦር ከእኛ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ብዙ የማትርቅ ከተማ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ጊዜ የተቀመጡባት፣ በአጠገቧም በጋፋት ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ የሠሩላቸው ናት። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጆቻቸው የነበሩት ፕላውደንና ጆን ቤል እንደ ሞቱባቸው፣ ቱርኮችም እንዳስቸገሯቸው ገልጸው፣ መልእክተኞቻቸው በደኅና የሚሄዱበት መንገድ እንዲፈለግላቸው ጠየቁ። ደብዳቤው በቈንሲሉ በካሜሮን በኩል ተልኮ በየካቲት ወር ለንደን ገባ።

ከዚያስ ምን ሆነ? ደብዳቤው ጠፋን? አልጠፋም። የቀደደው ወይም ያቃጠለው ሰው የለም። የእንግሊዝ የውጭ ጕዳይ መሥሪያ ቤት ተቀብሎ ከሌሎች ወረቀቶች ጋራ አስቀመጠው፤ መልስ ግን አልጻፈም። የጻፉት ሰው ቀን እየቈጠሩ መጠበቃቸውን ያሰበ አልነበረም። አንድ ዓመት አለፈ። በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ካሜሮንን አሰሩ። ለንጉሡ ደብዳቤ መልስ ካልመጣ እስረኛው እንደማይፈታ ለንደን በተሰማ ጊዜ፣ ያ ወረቀት ከተቀመጠበት ወጣ፤ መልሱም በግንቦት 1856 ዓ.ም. ተጻፈ። ሆርሙዝድ ራሳም የተባለው መልእክተኛ ምጽዋ ላይ ብዙ ጊዜ ከቈየ በኋላ መልሱን ለንጉሡ ያስረከበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ከደብዳቤው እስከ መልሱ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር መሆኑ ነው።

የቀረውን ታሪክ በትምህርት ቤት ተምራችሁታል። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፋቸውን እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ ናፒየርም 13000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው ማለት የሕፃን ነገር ነው። ንጉሡም እንግዳን በማሰራቸው የሚወቀሱበት አላቸው፤ አገሩም በዐመፅ ተነሥቶባቸው ነበር። ቢሆንም ከመልስ በፊት እስር፣ ከእስር በኋላ መልስ መምጣቱን ስናይ፣ የዘገየ መልስ መልስ መሆኑ ቀርቶ የፍርሀት ምልክት እንደሚሆን እንረዳለን። በወቅቱ አንዲት ገጽ የማክበር ቃል ይበቃ የነበረ ይመስለኛል፤ በኋላ ግን አንድ ሙሉ መልእክተኛ ስጦታ ይዞ መጥቶም አልበቃም።

ስለዚህ ከምንም አስቀድሞ ለዚያ ወጣት የነገርሁት ይህን ነው። አሮጌ ደብዳቤህን ለማጥፋት ስትነሣ፣ በመጀመሪያ መልስ ያልሰጠህባቸውን ብቻ እንዲያሳይህ ፕሮግራሙን እዘዘው። ይህን የሚያደርግ ትእዛዝ አለው። ከእነርሱ ውስጥ ማስታወቂያውን፣ ለሺሕ ሰው በአንድነት የተበተነውን፣ የስብሰባ ጥሪውን ያለ አሳብ አስወግድ፤ የሚጠብቅህ ሰው የለምና። ሰው ለአንተ ለብቻህ የጻፈውና የሚጠብቅህ ሲቀር ግን፣ እርሱ ዕዳ ነው። ማጥፋት ዕዳን መካድ ነው፤ ማስቀመጥም ብዙ ጊዜ ዕዳን መካድ ነው፤ ልዩነቱ ሁለተኛው ጨዋነት መምሰሉ ብቻ ነው። «አልችልም» የሚል ሁለት መስመር መልስ ነው። «ዘግይቻለሁ፣ ጕዳይህ አሁንም አለ ወይ» ማለትም መልስ ነው። ሥራ ፈላጊ ልጅ የላከልህን ልመና በክብር ዐምስት ዓመት ማስቀመጥ ግን ለልጁ ምን ይረባዋል?

ወጣቱ ይህን በቀላሉ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ግን ይከብዳል፤ እርሱም የጠብ ደብዳቤ ነው።

ሁለት ወንድማማቾች አውቃለሁ፤ ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም። በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው፣ አንዱ በባሕር ማዶ፣ አንዱ እዚህ ሆኖ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በኢሜይል ተሰዳደቡ። ቃል በአፍ ሲነገር ነፋስ ይወስደዋል፤ እነዚህ ግን ሌሊት እየተነሡ፣ ቃል እየመረጡ ጻፉት። በመጨረሻ ሽማግሎች ገቡ። በእኛ አገር ዕርቅ እንዴት እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፤ በዳይ ይለይና ካሣው ይቈረጣል፤ ሁለቱም ያለፈውን ላያነሡ ቃል ይገባሉ፤ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ፤ አብረው ይበላሉ። ይህ ሁሉ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ታናሹ ልጁን ሲድር፣ በሰርጉ ማግሥት ትንሽ የአሽሙር ቃል በመካከላቸው አለፈች። ታላቁም ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ወንድሙ በዚያን ዘመን የጻፈውን ቀኑንና ሰዓቱን ጭምር እየጠራ በዘመድ ፊት አነበበው። ዕርቁም በዚያው ፈረሰ፤ እስከ ዛሬም አልተጠገነም።

ይህን ነገር ከጣራ ገዳም ሲመለሱ መንገድ ላይ ላገኘኋቸው፣ ብዙ ሰው ላስታረቁ አንድ ሽማግሌ አጫወትኋቸው። እርሳቸው ኢሜይል የሚባለውን ነገር አያውቁም። ከነገርኋቸው በኋላ ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ዕርቁ ሲደረግ ያን ጽሑፍ በኪሱ ይዞት ነበር ወይ አሉኝ። ይዞት ነበር አልኋቸው። እንግዲያውስ አልታረቀም ነበር አሉኝ። ድሮ ሁለት ባለጋሮች ሲታረቁ መሣሪያቸውን ውጭ አኑረው ይገቡ እንደ ነበር፣ ዛሬ ግን መሣሪያው ምን እንደ ሆነ ሽማግሌ እንኳ መለየት እንዳቃተው ነገሩኝ።

የሽማግሌው ፍርድ ትክክል ይመስለኛል። ሁለት ሰዎች ወደው በዘጉት ነገር ላይ አንዱ ብቻውን ቍልፍ አስቀርቶ መያዝ ተንኰል ነው። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ማጥፋት የዕርቁ አንድ ክፍል ሆኖ ሊቈጠር ይገባል፤ ከካሣውም ከመሳሳሙም ያላነሰ ነው። እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «ነገር ግን ማጥፋት ምን ይጠቅማል? የላከው ሰው በላካቸው መዝገብ ውስጥ ቅጂው አለ» ይል ይሆናል። እውነት ነው። እኔ የደረሰኝን ባጠፋ ነገሩ እንዳልተጻፈ አይሆንም። እኔ የማደርገው ያን ስድብ በእጄ ላለመያዝ መወሰን ብቻ ነው። የእርሱን ቅጂ ማጥፋት የእርሱ ሥራ ነው።

ግን ይህ ለሁሉ ይሠራልን? አይሠራም፤ በዚህም ላይ ወጣቶች እንድትሳሳቱ አልፈልግም። ዕርቅ ያልተደረገበት በደል ሌላ ነው። አንዲት ተማሪ የሚዝትባትን ሰው ደብዳቤ «ልብሽን አታቈሽሺ፣ አጥፊው» ብሎ የሚመክራት ሰው ቢኖር፣ ያ ሰው ለበዳዩ ጠበቃ ቆሟል። እያንዳንዱን ከነቀኑ ታስቀምጠው፤ ለምታምነውም ሰው ቅጂ ትስጥ። የብድር ቃል፣ የመሬት ውል፣ የሥራ ስምምነትም እንደዚሁ ነው። አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የርስትና የጕልት ስጦታ፣ የምስክሮችም ስም በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። ብራና ሊፋቅ ይችላል፤ ነገር ግን ወንጌልን ሊፍቅ የሚደፍር እጅ በቀላሉ አይገኝምና ነው። ደግሞ ተመልከቱ፤ በዚያ ኅዳግ ላይ የሰፈረው የመሬትና የስጦታ ነገር ነው እንጂ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ በንዴት የተናገረው አይደለም። ቦታው ጠባብ ስለ ነበረ መምረጥ ግድ ሆነባቸው። እኛ ቦታ ስለ ተረፈን መምረጥ ትተናል።

ስለ ምስጢር ደብዳቤ ብዙ አልናገርም፤ ነገሩ ግልጽ ነው። ሰው በጭንቅ ጊዜ ነውሩን ወይም በሽታውን ጽፎልህ፣ ምክር ጠይቆህ፣ አንተም መልሰህለት ከሆነ፣ ደብዳቤው ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ በኋላ በእጅህ መኖሩ ለእርሱ አደጋ ብቻ ነው፤ ስልክ ይሰረቃል፤ ኮምፒዩተር ለጥገና ለማያውቁት ሰው ይሰጣል፤ አንተም ትሞታለህ።

የሞተ ሰው ደብዳቤስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይጠብቃል። የሞተ ሰው መልስ አይጠብቅም፤ አይታረቅም፤ አጥፋልኝ ወይም አቆይልኝ ብሎም አይጠይቅም። የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤዎች በእንግሊዝ አገር ተጠብቀው ቈይተው፣ በ1979 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ግርማ ሥላሴ አስፋው፣ አፕልያርድና ኡለንዶርፍ በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። ያ በወቅቱ መልስ የነፈጋቸው መዝገብ ቤት የንጉሡን ቃል ለእኛ አቆየልን፤ ስለዚህም አመሰግነዋለሁ፣ ስለዚያም እወቅሰዋለሁ። ንጉሥ ለንግሥት የጻፈው የሁለት ሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ማንም ብቻውን የማጥፋት መብት የለውም። አባት በንዴት ስለ ልጁ ለወዳጁ የጻፈው ግን የማን ነው?

ይህን የምጠይቀው ያለ ነገር አይደለም። መምህሬ የነበሩ አንድ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐረፉ። ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ሠላሳው ስለ መጻሕፍት ዋጋ፣ ስለ ዝናብ መዘግየት፣ ስለ ጕልበታቸው ሕመም፣ ስለ ቀድሞ ተማሪዎቻቸው የሚናገር ነው። አንዱ ግን ስለ ሴት ልጃቸው እጅግ መራራ ቃል ያለበት ነው፤ ያለ ፈቃዳቸው አግብታ ነበርና። ከዚያ በኋላ ታርቀው፣ እርሷው አስታማቸው፣ በእጇ ላይ ሞቱ። ባለፈው ዓመት ልጂቱ አባቷ የጻፉልኝን ሁሉ ሰብስቤ እንድልክላት ጠየቀችኝ፤ ለልጆቿ ልታቆየው ነው።

ሁለት ክፉ መንገድ በፊቴ ነበረ። ሁሉንም ብልክ፣ አባትየው በሕይወት ሳሉ ያነሡትን ቃል እኔ ከመቃብራቸው በኋላ መልሼ አስነግራቸዋለሁ። ሠላሳውን ልኬ «ያለው ይህ ነው» ብል፣ ለልጅ ስለ አባቷ ውሸት ተናገርሁ ማለት ነው። በደብዳቤው ላይ ምልክት አድርጌ ሦስት ቀን ተውሁት፤ ምልክቱን አንድ ጊዜ አንሥቼም ነበር። በሦስተኛው ቀን መዝገቡን ስዘጋ ፕሮግራሙ ላስወግደው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እሺ አልሁት። ከዚያ በኋላ ሠላሳውን ላክሁላትና፣ ሠላሳ አንድ እንደ ነበሩ፣ አንዱን እኔ እንዳጠፋሁት፣ ነገሩም በእርሷና በአባቷ መካከል በሕይወታቸው የተዘጋ እንደ ነበረ ጻፍሁላት።

ለሁለት ሳምንት ዝም አለች። በኋላ የመጣው ደብዳቤ አንድ መስመር ነበር፤ የጠፋው ከዕርቁ በፊት የተጻፈ ነው ወይስ በኋላ ትላለች። በፊት ነው ብዬ በዚያው ሰዓት መለስሁላት።